ሐኪሙ ጆን ሎክ

ጆን ሎክን ብዙዎቻችን የምናውቀው በፍልስፍናውና በፖለቲካ ጽሑፎቹ ነው፤ ሐኪምነቱ እምብዛም አይነሳም። በ1632 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ በሶመርሴት ተወለደ። ኦክስፎርድ ሳለ ወደ ሕክምና አዘነበለ፤ በ1667 ሎንዶን ሄዶ በሎርድ አሽሊ ቤት ተቀመጠ። እዚያም ከመጻሕፍት ይልቅ በሽተኛውን ተከታትሎ ማየትን ከሚያስቀድመው ሐኪም ከቶማስ ሲደናም ጋር መሥራት ጀመረ።

በ1668 አሽሊ በጉበቱ እባጭ ሊሞት ተቃረበ። ሎክ ቀዶ ሕክምናውን መራ፤ መግሉ በቱቦ እንዲፈስ ተደርጎ ሰውየው ዳነ። ለዚያ ዘመን ትልቅ ድፍረት ነበር!

በዚያው ዓመትና በ1669 በሎክ እጅ የተጻፉ ሁለት የሕክምና ጽሑፎች አሉ። ሐሳቡ የእሱ ነው ወይስ የሲደናም በሚለው ሊቃውንት ይከራከራሉ። ፍሬ ነገሩ ግን ግልጽ ነው፦ ሬሳ መቅደድ የአካልን ክፍሎች ያሳያል እንጂ በሽታው እንዴት እንደሚሠራ አይገልጥም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ስውሩን ምክንያት በግምት ከሚፈጥር የሚያድነውን መድኃኒት በሙከራ ይወቅ የሚል ነው። ሎክ በ1671 ስለ ሰው አእምሮ የሚያትተውን መጽሐፉን መንደፍ ሲጀምር፣ ለሐኪሙ የተበጀውን ይህን ወሰን ለሰው ዕውቀት ሁሉ አደረገው፤ ዕውቀታችን ከተመክሮ ይመነጫል፣ የነገሮች ውስጣዊ ባሕርይ ግን ከአቅማችን በላይ ነው አለ። መጽሐፉ የታተመው ከሆላንድ ስደት በተመለሰበት ዓመት፣ በ1689 መጨረሻ ነው። በ1704 ሞተ።