የቅዱስ ያዕቆብ ዘሥሩግ ዜና ሕይወት፥ ለቅዱስ ኤፍሬምም ያቀረበው ውዳሴ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ደብራችን የኢዮቤልዩ በዓሏን በምታከብርበት በዚህ ጊዜ ስለ አባቶች ምስጋና መጻፍ የተገባ ነው። ነገር ግን ምስጋናም ሥርዐት አለው፤ ይልቁንም ደራሲን በድርሰት ማመስገን እጅግ ያስቸግራል። ተመስጋኙ የቃል ባለጸጋ ከሆነ፥ አመስጋኙ የሚመጥነውን ቃል ከወዴት ያመጣለታል? ይህን ጭንቅ ሥራ በሚገባ ከፈጸሙት አንዱ ሶርያዊው ሊቅ ቅዱስ ያዕቆብ ዘሥሩግ ነው። ከ14ቱ ቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ ስለሚጠራ ለካህናት እንግዳ አይደለም፤ ዜና ሕይወቱን ግን ብዙው ምእመን አልሰማውምና በአጭሩ እንናገራለን። ዓመታቱ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቅዱስ ያዕቆብ በ451 ገደማ በኤፍራጥስ ወንዝ አጠገብ ኩርታም በምትባል መንደር ተወለደ። በዚያው በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ ስለ ተደረገ፥ ዕድሜውን ሁሉ ያሳለፈው ቤተ ክርስቲያን በክርክር በተከፈለችበት ዘመን ነው። ለትምህርት ወደ ሮሐ ሄደ፤ እርስዋም ኤዴሳ የምትባለው፥ ዛሬ በቱርክ አገር ያለችው ከተማ ናት። በዚያ በነበረው ታላቅ ትምህርት ቤት የዲዮዶሮስ ዘጠርሴስ መጻሕፍት ከጽርእ ወደ ሱርስት ይተረጐሙ ነበር። ወጣቱ ያዕቆብ ግን አንዱን ክርስቶስ ሁለት የሚያደርገውን ያን ትምህርት አልተቀበለውም፤ ኋላም በመልእክቱ ይህንኑ መስክሮአል። ያም ትምህርት ቤት በ489 በንጉሠ ነገሥት ዘይኑን ትእዛዝ ተዘጋ።

በመምህራኑ ትምህርት ልቡ ባይረካም፥ ከዚያችው ከተማ ሌላ ሀብት አገኘ፤ ይኸውም የቅዱስ ኤፍሬም ድርሰት ነው። ቅዱስ ኤፍሬም በ306 ገደማ በንጽቢን ተወለደ፤ በዚያችም ከተማ በኤጲስ ቆጶሱ በያዕቆብ ዘንጽቢን ዘመን አደገ። ይህ ያዕቆብ በ325 በኒቅያ ጉባኤ የተገኘው ነው እንጂ፥ እኛ የምንናገርለት የሥሩጉ ያዕቆብ አይደለም። በ363 ንጽቢን ለፋርስ ንጉሥ በተሰጠች ጊዜ ክርስቲያኖቿ ተሰደዱ፤ ኤፍሬምም ከስደተኞቹ ጋር ወጥቶ በሮሐ ተቀመጠ። በማዕርጉ ዲያቆን እንደ ሆነ ኖረ። በከተማይቱ ረኃብ በጸና ጊዜ ለድኾች ምግብ እያከፋፈለ፥ ድውያንን እያስታመመ ቈይቶ በ373 ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያናችን ሐምሌ 15 ቀን ታስበዋለች፤ በየዕለቱ የምንጸልየውንም ውዳሴ ማርያም የእርሱ ድርሰት አድርጋ ተቀብላዋለች።

ቅዱስ ኤፍሬም ካረፈ በኋላ ያዕቆብ እስኪወለድ ድረስ ወደ 80 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፎአል። ስለዚህ ያዕቆብ ፊቱን አላየም፥ ከእግሩም ሥር ተቀምጦ አልተማረም። ነገር ግን መምህር በጽሕፈቱና በዜማው ከሞት በኋላ ያስተምራልና፥ ኤፍሬም ለያዕቆብ እውነተኛ መምህሩ ሆነ። ሶርያውያንም ኤፍሬምን የመንፈስ ቅዱስ በገና፥ ያዕቆብን የመንፈስ ቅዱስ ዋሽንት ብለው ሰየሙአቸው።

ዋሽንቱም በገናውን ሊያመሰግን ተነሣ። ሌላ አመስጋኝ ቢሆን ከልደቱ ጀምሮ እስከ ዕረፍቱ የተደረገለትን ተአምራት ሁሉ በቈጠረ ነበር። ያዕቆብ ግን የኤፍሬምን ታሪክ በዝርዝር አልተረከም። ከሥራው ሁሉ አንዱን መርጦ በእርሱ ላይ ቈየ፤ ያም ኤፍሬም ሴቶችን ዝማሬ ማስተማሩ ነው።

የዚህ ነገር ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከኤፍሬም በፊት በሮሐ ባርዴሳን የሚባል ፈላስፋ ነበረ፤ በ222 ሞተ። እርሱም የስሕተት ትምህርቱን በጣፋጭ ዜማ አድርጎ ስለ ደረሰ፥ ሕዝቡ ዜማውን ሲወድ ትምህርቱንም አብሮ ይቀበል ነበር። ኤፍሬም ስሕተትን በተግሣጽ ብቻ ማጥፋት እንዳይቻል ተረዳ፤ ዜማን በዜማ መለሰ። የቀናውን ሃይማኖት በግጥም ደርሶ ለደናግል አስተማረ፤ እነርሱም በጉባኤ ዘመሩት። ከገበያ እስከ ማዕድ ቤት የሚሰማው መዝሙር ተለወጠ።

ያዕቆብ በውዳሴው ይህን ሥራ ከሙሴ ሥራ ጋር አነጻጸረው። ባሕር ከተከፈለ በኋላ የዕብራውያን ሴቶች ከበሮ ይዘው እንደ ዘመሩ፥ የሶርያ ሴቶችም በኤፍሬም አስተማሪነት አፋቸውን ለምስጋና ከፈቱ። ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ሊዘምሩ ይገባልን ለሚል ሰውም ምክንያቱን አስረዳ። ጥምቀቱ አንድ፥ ጽዋውም አንድ ሲሆን ምስጋናው ለወንዶች ብቻ ሊከፈል አይገባም፤ በሔዋን ምክንያት የተዘጋው አፍ በእመቤታችን በድንግል ማርያም ተከፍቶአልና። እንግዲህ የያዕቆብ ግጥም ምስጋና ብቻ ሳይሆን ጥብቅናም ነው፤ ሊቁን ሲያመሰግን በሊቁ ምክንያት ድምፅ ላገኙት ቆመላቸው።

ስለ አገጣጠሙም ጥቂት እንበል። በሱርስት ግጥም ኤፍሬም ድርሳኑን የሚገጥምበት ልክ 7 ቀለም ሲሆን፥ ያዕቆብ የሚታወቅበት ልክ በ4 በ4 የተከፈለ 12 ቀለም ነው። ኤፍሬምን ባመሰገነበትም ድርሰት የኤፍሬምን ልክ አልተዋሰም፤ በራሱ ልክ ገጠመ። የቅኔ ቤት ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ተማሪ ከመምህሩ ዘረፋ መንገዱን ይማራል እንጂ፥ የመምህሩን ቅኔ መልሶ ለመምህሩ አይነግርም፤ ሲቈጥር ያደረውን የራሱን ይነግራል። መምህሩን የሚያከብረውም የድምፁን አምሳያ በመስማት አይደለም፤ ዘሩ በሌላ መሬት ማፍራቱን በማየት ነው።

ቅዱስ ያዕቆብ በድርሰት ብቻ የኖረ አይደለም። በሥሩግ አውራጃ የገጠሩን አብያተ ክርስቲያናት እየዞረ የሚጐበኝ ካህን ነበረ። በ503 የፋርስ ሠራዊት አሚድ የምትባለውን ከተማ በያዘ ጊዜ የአገሩ ሰው ሊሰደድ ሲናወጥ፥ በእግዚአብሔር ታምኖ በቦታው እንዲጸና በመልእክት አጽናና። በባሕር ማዶ በሐሜር ለሚሰደዱ ክርስቲያኖችም የማጽናኛ መልእክት ላከላቸው። እነርሱ ጐረቤቶቻችን ነበሩ፤ እርሱ ካረፈ በኋላ በ523 የናግራን ሰማዕታት ደማቸው በፈሰሰ ጊዜ፥ በ525 ባሕር ተሻግሮ የተበቀለላቸው ንጉሣችን አፄ ካሌብ ነው።

በ519 ዕድሜው ወደ 70 ሲጠጋ በሥሩግ አውራጃ የባጥናን ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሾመ። ሹመቱ ግን 2 ዓመት ያህል ብቻ ቈየ፤ በ521 ዐረፈ። የድርሳናቱ ቍጥር በትውፊት ከ700 በላይ ነው ይባላል።

ክቡራን ካህናት፥ ምእመናንና ምእመናት ሆይ፤ በዚህ በዓል ለደብራችን መምህራን መወድስ የሚቈጥሩ ደቀ መዛሙርት አይታጡም። የያዕቆብን ሥርዐት ቢይዙ መልካም ነው። መምህሩ ስንት ዓመት እንደ ኖረና ምን እንደ ተሾመ ከመናገር ይልቅ፥ ቃሉ በማን አፍ እንዳለ ይመርምሩ። በየቤቷ ማለዳ ተነሥታ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም የምትደግም እናት፥ በማኅበርም የምትዘምር ልጃገረድ የኤፍሬም ምስክር ናት። እርስዋን ዝም አሰኝቶ ኤፍሬምን ማመስገን አይቻልም።

የቅዱስ ኤፍሬምና የቅዱስ ያዕቆብ በረከታቸው በሁላችን ላይ ይደር፤ ለዓለመ ዓለም አሜን።