ቪክቶር ቫዛሬሊ

ቪክቶር ቫዛሬሊ (1906 – 1997 እ.ኤ.አ.) በሀንጋሪ ተወልዶ በፈረንሳይ የኖረ ሠዓሊ ነበር። ዓይንን በማታለል የሚታወቀው «ኦፕ አርት» የተባለ የአሣሣል ስልት አባት ተብሎ ይጠራል።

የተወለደው በፔች ከተማ ነው። በቡዳፔስት የጀመረውን የሕክምና ትምህርት አቋርጦ ወደ ሥዕል ዞረ፤ በሠዓሊው ሻንዶር ቦርትኒክ ትምህርት ቤትም የጀርመኑን ባውሃውስ አስተሳሰብ ቀሰመ። በ1930 ወደ ፓሪስ ሄዶ ለማስታወቂያ ድርጅቶች እየሣለ ይተዳደር ጀመር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ላይ የሠራው «የሜዳ አህያ» የተባለ ሥዕል ብዙ ጊዜ የኦፕ አርት መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል። ሁለቱ የተጠላለፉ እንስሳት የተሠሩት ከጥቁርና ነጭ መስመሮች ብቻ ነው፤ ዙሪያቸውን የሚከብ መስመር ስለሌለ ቅርጻቸውን የሚጨርሰው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ይኸው ሐሳብ «ቬጋ» በተባሉት ተከታታይ ሥዕሎቹ ጎልቶ ይታያል። ሸራው ጠፍጣፋ ነው። ሆኖም በመሃል ያሉት ክቦች ወይም አራት ማዕዘኖች ትልልቅ ሲሆኑ ወደ ዳር ያሉት እያነሱና እየተጨመቁ ይሄዳሉ። አእምሮ ሁሉም እኩል ናቸው ብሎ ስለሚገምት የመጠን ልዩነቱን እንደ ርቀት ይቆጥረዋል፤ በዚህም የተነሣ ከሸራው ላይ ኳስ ያበጠ ይመስላል።

ቫዛሬሊ በ1959 «የቅርጽ ፊደል» ሊባል የሚችል ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። እያንዳንዱ «ፊደል» በአንድ ቀለም የተቀባ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ በውስጡ በሌላ ቀለም የተሠራ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን ወይም ሌላ ቀላል ቅርጽ ይይዛል። እሱ ቅርጾቹንና ቀለሞቹን በቁጥር ለይቶ ንድፉን ያወጣል፤ ረዳቶቹ ደግሞ ንድፉን ተከትለው ይቀባሉ። ያለ ኮምፒውተር የተጻፈ ፕሮግራም ነው ማለት ይቻላል። ዓላማውም ሥዕል እንደ ልብ ተባዝቶ ከሀብታም ሳሎን እንዲወጣ ነበር።

በ1965 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የተዘጋጀው ትልቅ የኦፕ አርት ትርዒት የበለጠ ዝና አመጣለት። በ1972 ከልጁ ከዣን ፒየር ጋር የሬኖ መኪና ዓርማን ነደፈ፤ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ሥራውን መንገድ ላይ አይቶት ይሆናል።

የሥራዎቹ መብዛት ግን ዋጋቸውን ቀነሰው። በጎርድ የነበረው ሙዚየሙ በ1996 ተዘጋ፤ እሱም በመጋቢት 1997 በፓሪስ ዐረፈ። በሥራዎቹ ባለቤትነት ላይ በቤተሰቡና በፋውንዴሽኑ መካከል የተነሣው የፍርድ ቤት ክርክር ከሞቱ በኋላም ለዓመታት ቀጠለ። በ1976 በኤክስ አን ፕሮቫንስ የተከፈተው የፋውንዴሽኑ ሕንፃ 16 ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ግድግዳ የሚሸፍኑ ግዙፍ ሥራዎቹ ዛሬም እዚያ ይታያሉ።