ሮበርት ኮህ፦ የኮሌራን ጀርም ይዞ ወደ ጀርመን የተመለሰው ሐኪም

እ.ኤ.አ. በሜይ 1884 መጀመሪያ ሮበርት ኮህ በግብፅና በህንድ ዘጠኝ ወር ያህል ሠርቶ ወደ በርሊን ሲመለስ፣ የተደረገለት አቀባበል ድል አድርጎ ከጦር ሜዳ ለተመለሰ ጄኔራል የሚደረግ ዓይነት ነበር። መንግሥት ኒሻን ሰጠው፤ ለእሱና አብረውት ለሄዱት ባልደረቦቹም 100,000 ማርክ ሸለመ። ይህ ሁሉ የኮሌራን ጀርም ለይቶ ስላመጣ ነው። ከጀርሙ ጋር ግን ሌላም ነገር ይዞ መጥቶ ነበር፤ በሽታው የሚዛመተው በዋናነት በተበከለ ውሃ መሆኑን። ለጀርሙ ሁሉም አጨበጨበ። የውሃውን ነገር ከልብ ያዳመጠው ግን ጥቂት ሰው ነበር፤ ከስምንት ዓመት በኋላ አንድ የጀርመን ከተማ ከ8,600 በላይ ነዋሪዎቿን በኮሌራ ቀበረች።

ኮህ የተወለደው በ1843 በሃርትስ ተራሮች በምትገኘው የማዕድን ከተማ በክላውስታል ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከልጅነቱ ጀምሮ ሩቅ አገር የማየት ምኞት ነበረው፤ የመርከብ ሐኪም መሆንም ያስብ ነበር። በ1866 በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠናቀቀ፤ በዚያው ዓመት ሃምቡርግ ውስጥ በሆስፒታል ሲሠራ ኮሌራን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ አየ። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣች፤ የመርከቡ ሕልም ቀርቶ በትንሽ ከተማ የወረዳ ሐኪም ሆነ። ቀን በሽተኛ እያየ፣ በተረፈው ጊዜ ቤቱ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲመራመር ቆይቶ በ1876 የአባ ሰንጋን ጀርም የሕይወት ዑደት አሳየ። በ1882 ደግሞ የሳንባ ነቀርሳን ጀርም አግኝቶ በዓለም ታወቀ።

በ1883 ክረምት ግብፅ ውስጥ ኮሌራ ገባ። የጀርመን መንግሥት ኮህን ከጥቂት ረዳቶች ጋር ወደ አሌክሳንድሪያ ላከ። እዚያም በበሽታው የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ሲመረምሩ በአንጀታቸው ግድግዳ ላይ ተመሳሳይ ጀርም ደጋግመው አገኙ። ከፈረንሳይም የመጣ ቡድን በዚያው ከተማ ይሠራ ነበር፤ ሁለቱ አገሮች ከጦርነቱ ወዲህ ቂም ስለነበራቸው ሐኪሞቹም ይፎካከሩ ነበር። ከፈረንሳዮቹ አንዱ የ27 ዓመቱ ሉዊ ቱዪዬ በኮሌራ ተይዞ ሞተ። ኮህና ባልደረቦቹ የአበባ ጉንጉን ይዘው በቀብሩ ላይ ተገኙ። በሽታውን የሚያጠና ሐኪም እንኳ አንድ ጊዜ ከተያዘ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚሞት በዚያ ሳምንት ሁሉም አየው።

ወረርሽኙ በግብፅ እየበረደ ሲሄድ የሚመረመር ሕመምተኛ ጠፋ። ኮህ ያኔ ወደ አገሩ መመለስ ይችል ነበር። እሱ ግን በሽታው ወደማይጠፋበት ወደ ህንድ እንዲሄድ ፈቃድ ጠየቀና በዲሴምበር 1883 ካልካታ ገባ። በጃንዋሪ 1884 ጀርሙን ከሌሎች ለይቶ ብቻውን ማሳደግ ቻለ። ጀርሙ እንደ ነጠላ ሰረዝ ጎበጥ ያለ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ይራባል፣ ሲደርቅ ግን ቶሎ ይሞታል። (ፍሎረንስ ውስጥ ፊሊፖ ፓቺኒ የተባለ ሐኪም በ1854 ይህንኑ ጀርም በማይክሮስኮፕ አይቶ ጽፎበት ነበር፤ የሰማው ሰው አልነበረም እንጂ።)

ለእኔ ግን የካልካታው ሥራ ዋና ክፍል ከማይክሮስኮፑ ውጭ ያለው ነው። በከተማዋ ድሃ ሰፈሮች ነዋሪዎች የሚጠቀሙባቸው ኩሬዎች ነበሩ። ሰው እዚያው ይታጠባል፣ የሕመምተኛ ልብስ እዚያው ይታጠባል፣ የሚጠጣውም ከዚያው ይቀዳል። ኮህ በአንድ ኩሬ ዙሪያ ሰዎች በኮሌራ ሲታመሙ የኩሬውን ውሃ መረመረ፤ ጀርሙም እዚያ ውስጥ ተገኘ።

አገሩ ሲመለስ ተከራካሪው ይጠብቀው ነበር። የሙኒኩ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር በንጽሕና ሳይንስ ትልቅ ስም ያለው ፕሮፌሰር ሲሆን፣ ጀርሙ ብቻውን በሽታ አያመጣም፣ ዋናው የአፈሩ ሁኔታ ነው ብሎ ያምን ነበር። የሃምቡርግ ባለሥልጣናት ይህ አስተሳሰብ ተስማማቸው። የከተማዋን ውሃ ማጣራት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ መርከቦችን ማገድ ደግሞ ንግዱን ይጎዳል። ስለዚህ የኤልበ ወንዝ ውሃ ሳይጣራ በቧንቧ ወደ የቤቱ መግባቱን ቀጠለ።

በኦገስት 1892 ኮሌራ ሃምቡርግ ገባ። መንግሥት ኮህን ከበርሊን ላከው። በወጣትነቱ ኮሌራን ያየባትን ከተማ እንደገና ሲያያት፣ በወደቡ አካባቢ ያሉት የድሆች ጠባብ መንደሮች ካልካታ ካየው ብዙም የተሻሉ አልነበሩም። ከሃምቡርግ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የምትዋሰነው አልቶና ከዚያው ወንዝ ትጠጣ ነበር፤ ያውም የሃምቡርግ ቆሻሻ ከተጨመረበት በኋላ ካለው ውሃ። ነገር ግን አልቶና ውሃዋን በአሸዋ ታጣራ ነበር። በድንበሩ መንገድ ላይ በአንዱ በኩል ያሉ ቤቶች ሲታመሙ በሌላው በኩል ያሉት በአብዛኛው ዳኑ። አየሩም አፈሩም አንድ ነው፤ የተለየው የቧንቧው ውሃ ብቻ ነበር። የፈላ ውሃ በጋሪ ለሕዝቡ መታደል ጀመረ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ቤቶች በኬሚካል ጸዱ። በቀጣዩ ዓመት የሃምቡርግ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ።

ፔተንኮፈር ግን አላመነም። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የኮሌራ ጀርም ያለበትን ፈሳሽ ጠጥቶ ቀለል ያለ ተቅማጥ ብቻ ያዘው። ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ኮሌራ ያን ያህል አያስፈራም ብሎ እንዳይደመድም። ጀርሙ ከገባባቸው ሰዎች ብዙዎቹ አይታመሙም ወይም በቀላሉ ያልፍላቸዋል፤ በዚህ መካከል ግን ጀርሙን ከሰገራቸው ጋር እያስወጡ ለሌላው ያተርፋሉ።

ኮህ ወደ አገሩ ይዞት ያልተመለሰው ነገር ሕክምናውን ነው። ጀርሙ መርዝ እንደሚያመነጭ ጠርጥሮ ነበር፤ ይህን በሙከራ ያሳየው በ1959 እዚያው ካልካታ የነበረው ሳምቡ ናት ዴ ነው። መርዙ አንጀት ውኃና ጨው እንዲያፈስ ያደርጋል፤ ሰው የሚሞተውም ይህን በማጣት ነው። በ1971 ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ ሐኪም ከባንግላዴሽ ለተሰደዱ ሰዎች የስኳርና የጨው ድብልቅ በማጠጣት የብዙዎችን ሕይወት አተረፈ።

ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ. (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) ይኸው ነው። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ መርፌ ነው፤ አተት ለያዘው ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው የጠፋውን ፈሳሽ መተካት ነው፣ ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ተቅማጡ የሩዝ ውኃ ከመሰለና ከበዛ ኦ.አር.ኤሱን በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ወዲያው ማጠጣት ጀምሩ፤ ሳትዘገዩም ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። የሚጠባ ሕፃን መጥባቱን አያቋርጥ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቆመ፣ ከደከመ ወይም መጠጣት ካቃተው ጉዳዩ የሰዓታት ነው፤ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ (ብዙ ሰው ግሉኮስ የሚለው) ያስፈልገዋል።

ኮህ ከዚያም በኋላ ከአገሩ ወጥቶ መሥራቱን አልተወም። በኢትዮጵያ የክፉ ቀንን ረኃብ ያስከተለው የከብት በሽታ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲደርስ በ1896 እዚያ ሄዶ ሠራ፤ በ1906 ደግሞ የእንቅልፍ በሽታን ለማጥናት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሄዶ በቀጣዩ ዓመት ተመለሰ። በ1905 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በሜይ 1910 በባደን ባደን ሞተ፤ አመዱም በርሊን ውስጥ በስሙ በሚጠራው ተቋም ተቀመጠ።