አበበ ቢቂላ፦ ከቦስተኑ ሽንፈት በኋላ በሀገር ቤት የተሮጠው ሩጫ

ሚያዝያ 11/1955 ዓ.ም ነው። በሀገር ቤት ትንሣኤ ከተከበረ ሳምንት አልሞላውም። ከኢትዮጵያ የተጓዙ ሁለት የክብር ዘበኛ ወታደሮች ግን በዚያ ዕለት በአሜሪካዋ ቦስተን ቀዝቃዛ ነፋስ ፊታቸውን እየገረፋቸው ይሮጡ ነበር። አንደኛው አበበ ቢቂላ፣ ሁለተኛው ማሞ ወልዴ ነው። ሁለቱ ከሌሎቹ ሯጮች ተነጥለው 29 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪደርሱ ድረስ የውድድሩን ክብረ ወሰን በሚሰብር ፍጥነት ገሠገሡ። አበበ በሮም ኦሎምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ካስደነቀ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበርና ያን ቀን ሌላ አሸናፊ ይኖራል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

ኒውተን በተባለው አካባቢ ዳገቶቹ ሲጀምሩ ግን ነገሩ ተለወጠ። የሁለቱም እግር ከበደ፤ ፍጥነታቸውም ወረደ። ከኋላ ሲከተል የነበረው ቤልጂጋዊው ኦሬል ቫንደንድሪሽ አልፏቸው ሄደና በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ የውድድሩን ክብረ ወሰን አሻሽሎ አሸነፈ። አበበ በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ አምስተኛ ሆኖ ሲገባ፣ ማሞ ደግሞ ከእርሱ ከ10 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ 12ኛ ወጣ። አበበ በሕይወት ዘመኑ ጀምሮ ከጨረሳቸው ዓለም አቀፍ ማራቶኖች ሁሉ ሳያሸንፍ የቀረው በዚህ አንዱ ብቻ ነው።

የአበበን ታሪክ የሚያወሱ ብዙዎች ከሮም በቀጥታ ወደ ቶኪዮ ይሻገራሉ። በሁለቱ መካከል ያለው የቦስተኑ ሽንፈት፣ ከዚያም በኋላ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የተሮጠው ሩጫ እምብዛም አይነገርም። የሰውየውን ማንነት በቅርብ የሚያሳየው ግን ይኸው በድሎች መካከል የተሸሸገ ጊዜ ነው።

አበበ በ1924 ዓ.ም ነሐሴ መባቻ ላይ በሸዋ፣ ከመንዲዳ ከተማ አቅራቢያ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ልጅነቱ እንደ ማንኛውም የገበሬ ልጅ ነበር። የገና ጨዋታ ይወድድ ነበር፤ የገና ሜዳው ሰፊ፣ ግቡም ሩቅ በሆነበት በዚያ ዘመን ሩጫን የተማረው ከዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ አምስተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ተቀጠረ። ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ ከተማዋ እየሮጠ መመላለስ ልማዱ ሆነ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኙትም በውትድርና ላይ ሳለ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ በጦር ኃይሎች ሻምፒዮና ስሙ ከታወቀው ዋሚ ቢራቱ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም ክረምት በአዲስ አበባ ያደረገው የማጣሪያ ሩጫ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ሲሆን፣ ይህም ኤሚል ዛቶፔክ ይዞት ከነበረው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ይፈጥናል።

ሮም ላይ የሆነው የታወቀ ነው። ጳጉሜን 5/1952 ዓ.ም፣ በሀገር ቤት የአዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ፣ አበበ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን በ25 ሰከንድ ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ነቅላ ወደ ሮም በወሰደችው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ነበር ተፎካካሪውን ጥሎ የፈተለከው። በ1953 ዓ.ም በአቴንስና በኦሳካ፣ በ1954 ዓ.ም መጀመሪያ ደግሞ በቼኮዝሎቫኪያዋ ኮሺሴ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ እስከ ቦስተን ድረስ በማራቶን ውድድር አልታየም፤ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ማለት ነው።

እንግዲህ ቦስተን ላይ ምን ነካው? በሸዋ ደጋ ላይ ላደገና ከሱሉልታ ለሚመላለስ ሰው የኒውተን ዳገቶች ዳገት የሚባሉ አይደሉም። ከመካከላቸው በዝና የሚታወቀው የመጨረሻው እንኳ ከግርጌው እስከ አናቱ 30 ሜትር አይሞላም። የቦስተን ጎዳና ተንኮል ከዳገቱ በፊት ነው። ሩጫው ከሚጀመርበት ሆፕኪንተን አንሥቶ መንገዱ ለብዙ ኪሎ ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁለት ሲሮጡት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ እርምጃ የጭን ጡንቻ የሰውነትን ክብደት እየያዘ ስለሚያቆም ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ከተራራ ላይ ሸክም ተሸክሞ ወደ ገበያ የወረደ ሰው በማግስቱ ጭኑን የሚያመው በዚሁ ምክንያት ነው። በፍጥነት ቁልቁል ወርዶ የዛለ እግር፣ በሰውነት ውስጥ የተከማቸው ስንቅ ማለቅ በሚጀምርበት በ30ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ሲገጥመውና በዚያ ላይ ብርድ ሲጨመርበት ይኮማተራል። አበበና ማሞ መጀመሪያ ላይ የከፈቱት ፍጥነት ለዚያ መንገድና ለዚያ አየር ከልክ ያለፈ ነበር ማለት ይቻላል። ቫንደንድሪሽ ጉልበቱን ቆጥቦ ቆየ፤ ጸጋውም ለእርሱ ሆነ።

አበበ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። የ1955 ዓ.ም ክረምት አልፎ 1956 ዓ.ም ገባ። በዚያ መካከል ክብሩን በቶሎ ለማስመለስ ብሎ በሌላ ሀገር ማራቶን ላይ አልተሰለፈም። ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። የተሸነፈ ሰው ልቡ የሚነግረው ነገ ተነሥቶ እንዲሮጥ ነው፤ ከሙሉ ማራቶን በኋላ ግን የተጎዳ ጡንቻ ለመጠገን ሳምንታትን ይፈልጋል፤ የዛለ መንፈስ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ሲያርስ ውሎ የዛለን በሬ በማግስቱ የሚጠምድ ገበሬ በሬውንም እርሻውንም እንደሚያጣ የደጋው ሰው ያውቀዋል። በዚያ ላይ ጥቅምት 1957 ዓ.ም የቶኪዮ ኦሎምፒክ ይጠብቀው ነበር። እስከዚያ ዘመን ድረስ የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው አልነበረም። ከሮም አሸናፊነቱ በፊት የነበሩት ባለ ድሎች ሁሉ አንድ ጊዜ ደምቀው የጠፉ ናቸውና የቦስተኑ ውጤት አበበንም ከእነዚያ ተራ የሚያስቆጥር መስሎ ነበር።

በ1956 ዓ.ም አበበ እንደገና በማራቶን መነሻ መሥመር ላይ ቆመ። መሥመሩም የውጭ ሀገር አልነበረም፤ ወጣትነቱን ያሳለፈባት፣ ጎጆ የወጣባት፣ ወታደርም ሯጭም የሆነባት አዲስ አበባ ነበረች። ያን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ አሸነፈ። ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ የሚያስደንቅ አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት በዚያችው ከተማ ከሮጠው በሁለት ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ናት፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በዚህ አየር ላይ ሮጦ፣ በባሕር ጠረፏ ቦስተን ካስመዘገበው ሰዓት ከአንድ ደቂቃ በላይ መፍጠኑ እግሩ እንደዳነ ይመሰክራል።

ትልቁ ፈተና የመጣው በዚያው ክረምት፣ የቶኪዮ ተጓዦች በሚለዩበት ሩጫ ላይ ነው። ተፎካካሪው ሩቅ አልነበረም፤ ቦስተን ላይ ጎን ለጎን ሮጦ አብሮት የወደቀው ማሞ ወልዴ ነው። ማሞ በ1949 ዓ.ም በሜልቦርን ኦሎምፒክ በ800 እና በ1 ሺህ 500 ሜትር የተሰለፈ፣ ስለዚህም በመጨረሻዎቹ መቶ ሜትሮች ላይ የሚያስፈራ ፍጥነት የነበረው ሯጭ ነው። ረጅም ርቀት የሮጠ ሰው ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኖ ወደ መጨረሻው መሥመር መቅረብን አይመኝም። የሆነው ግን ይኸው ነው። 42 ኪሎ ሜትር ከሮጡ በኋላ ሁለቱን የለያቸው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነበር፤ የቀደመውም አበበ ነው።

ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ሆኖ ተመዘገበ። ከቀደመው የአዲስ አበባ ሩጫ ወደ ሰባት ደቂቃ፣ ወደ ሮም ከመሄዱ በፊት ከሮጠው ማጣሪያ ደግሞ አምስት ደቂቃ ይፈጥናል። አንዱ የሩጫ መንገድ ከሌላው ጋር በትክክል ባይነጻጸርም፣ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል፦ ከጥቂት ወራት በኋላ በቶኪዮ ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ የገባበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ነበር። አበበ በሀገሩ ከፍታ፣ ለዓለም ጋዜጠኞች ሳይታይ የሮጠው ሩጫ የኦሎምፒክ ብር የሚያስገኝ ነበር ማለት ነው። ማሞም እንዲሁ። የቦስተንን ቁስል ማን አዳነው ቢባል፣ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተሟሙቀው ነው የሚለው መልስ ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ደክሞ ካበቃ በኋላ ሌላ መከራ ተከተለ። መስከረም 1957 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ፣ ለጉዞው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አበበ በልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን አመመው፤ ሐኪሞችም ትርፍ አንጀት መሆኑን አውቀው ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ወደ ልምምድ የተመለሰው ቀስ በቀስ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት የሀገር ቤት ሩጫዎች ባይኖሩ ኖሮ በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ለማራቶን የሚበቃ ጉልበት ከየት ባገኘ? በክረምቱ የተከማቸው ብርታት በሕመሙ ሳምንታት ውስጥ አልነጠፈም።

ጥቅምት 11/1957 ዓ.ም በቶኪዮ አበበ፣ ማሞ እና ደምሴ ወልዴ ለኢትዮጵያ ተሰለፉ። አበበ በዚህ ጊዜ ጫማና ካልሲ አድርጎ ነበር። እንደ ቦስተኑ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ሌሎች እንዲመሩ ፈቀደ፤ ኋላም ብቻውን ወጣ። ስታዲየሙን ሲረግጥ ከጀርባው ማንም አይታይም ነበር። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ በዘመኑ በዓለም ላይ ማንም ያልሮጠው ፍጥነት። ሂትሊ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ሲሆን፣ አበበ በዚያ ጊዜ በሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ማሞ አቋርጦ ወጣ፤ ደምሴ 10ኛ ሆነ። አበበም የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ የሚነገር ነው። ወደ ሀገሩ ሲመለስ የመቶ አለቃነት ማዕረግ ተሰጠው። በ1961 ዓ.ም በሜክሲኮ ሲቲ እግሩን እያመመው ተሰልፎ በ17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ወርቁን ግን ሌላ ሀገር አልወሰደውም፤ አዲስ አበባ ላይ በሰከንድ ሽራፊ ተቀድሞ የነበረው ማሞ ወልዴ በ36 ዓመቱ አሸነፈ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር አበበ ራሱ ይነዳው የነበረው ቮልስዋገን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠ፤ ከወገቡ በታችም ሽባ ሆነ። እንግሊዝ ሀገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታክሞ፣ በእግሩ መቆም ባይችልም ቀስት በመወርወር ተወዳደረ፤ በኖርዌይም በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15/1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ አረፈ፤ በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ።