ሰር ዊሊያም ዊልኮክስ፦ ከአስዋን ግድብ እስከ ቤንጋል የጎርፍ መስኖ

የአንድ ግድብ ጥቅም በአብዛኛው የሚለካው በሚያጠራቅመው የውሃ መጠን ነው። ውሃው ተሸክሞት የሚመጣው አፈር፣ በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብና ተከትሎ የሚመጣው በሽታ ግን ብዙ ጊዜ ከስሌቱ ውጭ ይቀራሉ። የመጀመሪያውን የአስዋን ግድብ የነደፉት መሐንዲስ የሰር ዊሊያም ዊልኮክስ ሕይወት ይህን ክፍተት በግልጽ ያሳያል።

ዊልኮክስ እ.ኤ.አ. በ1852 በሕንድ ተወለዱ። በሩርኪ ከተማ ምህንድስና ተምረው በ1872 በሕንድ የመስኖ ሥራ ተሰማሩ፤ በ1883 ወደ ግብጽ ተሻገሩ። በዚያን ጊዜ የላይኛው ግብጽ ገበሬ በአመዛኙ የሚተዳደረው በጥንታዊው የጎርፍ መስኖ ነበር። በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች በዓባይና በተከዜ የሚወርደው ድፍርስ ውሃ በአፈር ክትር በተከለሉ ማሳዎች ላይ ለሳምንታት ይተኛል፤ ደለሉን ትቶ ሲሸሽ ገበሬው ይዘራል። ዘዴው የመሬቱን ለምነት በየዓመቱ ያድሳል፤ ሆኖም የሚሰጠው አንድ ምርት ብቻ ነው። ጥጥ ለማስፋፋት የተነሣው አስተዳደር ወንዙ በሚጎድልባቸው ወራትም የሚፈስ ውሃ ይሻ ነበር።

በዊልኮክስ ጥናት መሠረት ግድቡ ከ1898 እስከ 1902 ተገነባ። ንድፉ ደለልን አልዘነጋም፤ ጎርፉ ሲመጣ 180ዎቹ በሮች ተከፍተው ድፍርሱ ውሃ ያልፋል፤ ውሃው ከጠራ በኋላ ተዘግተው 1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ያጠራቅማሉ። የፊሌ ደሴት ቤተ መቅደሶች እንዳይሰጥሙ በተነሣው ተቃውሞ ቁመቱ ከታሰበው ዝቅ ቢልም፣ በ1912 እና በ1933 ተጨምሮበታል። መንደራቸውና የተምር ዛፎቻቸው በውሃ የተዋጡባቸው ኑቢያውያን ግን የቤተ መቅደሶቹን ያህል ተከራካሪ አላገኙም፤ ቤታቸውን ወደ ኮረብታው ሽቅብ ደጋግመው ሠሩ፤ ብዙ ወንዶችም ሥራ ፍለጋ ወደ ካይሮ ተሰደዱ። ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰው መስኖ በተስፋፋበት አካባቢ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ አለ፣ ጨው ወደ ማሳው ወጣ፤ በማይደርቁት ቦዮች ውስጥ የብልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ተራቡ።

ዊልኮክስ በኋለኛው ዕድሜያቸው የግብጽ መንግሥትን አዳዲስ የናይል ዕቅዶች አጥብቀው ነቀፉ። የውሃ ልኬት መረጃ ተዛብቷል ብለው የመሥሪያ ቤቱን ከፍተኛ አማካሪ በመወንጀላቸው በ1921 ካይሮ ላይ በስም ማጥፋት ተከሰው ተፈረደባቸው። በ1930 በካልካታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቧቸው ትምህርቶች የቤንጋልን ጥንታዊ የጎርፍ መስኖ አወደሱ። ጎርፉ ወደ ሩዝ ማሳው ደለልንና ዓሣን ያስገባ እንደነበር፣ ዓሣውም የወባ ትንኝ እጭን ይበላ እንደነበር፣ የወንዝ ዳር ክትሮች ጎርፉን ሲያግዱ ግን መሬቱ እንደደኸየና ወባ እንደበዛ ተከራከሩ። የቤንጋል ቦዮች በሰው እጅ የተቆፈሩ ናቸው የሚለው ግምታቸው ቢያከራክርም፣ ውሃን፣ አፈርንና ጤናን አንድ ላይ መመርመራቸው ዋጋ ያለው ነው።

ዊልኮክስ በ1932 በካይሮ ዐረፉ። በ1970 የተጠናቀቀው ታላቁ የአስዋን ግድብ ደለሉን በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ አስቀረ፤ የዴልታው ዳርቻ በባሕር መሸርሸር ተባባሰ፤ ማሳው በፋብሪካ ማዳበሪያ ላይ ተመረኮዘ፤ 50,000 ያህል የግብጽ ኑቢያውያንም ከቀያቸው ተነሡ። ስለዚህ የግድብ ጥናት የውሃውን መጠን ከመቀመሩ ጎን ለጎን ደለሉ ወዴት እንደሚሄድ፣ ነዋሪው የት እንደሚሰፍርና ቦዩ ምን ዓይነት በሽታ እንደሚያራባ ከመነሻው ሊመረምር ይገባል። ዊልኮክስ ወደዚህ አስተያየት የደረሱት ግድባቸው ከቆመ በኋላ ነው።