ጄራርድ ካይፐርና የአጥቢያ ኮከብ ደመና

በአጋርፋ ጎሕ ሳይቀድ በሬውን ለመጥመድ የሚነሣ ገበሬ ሁሉ በከልቻን ያውቃታል። እኛ በአማርኛ አጥቢያ ኮከብ፣ ፈረንጆች ደግሞ ቬነስ የምንላት ይህችው ናት። ኮከብ ትባል እንጂ እንደ ምድራችን ፀሐይን የምትዞር ዓለም ናት፤ እንዲያ የምታበራውም ዙሪያዋን የሸፈናት ወፍራም ደመና የፀሐይን ብርሃን ስለሚመልስ ነው። ታዲያ ያ ደመና ከምን የተሠራ ነው? እንደ ባሌ ተራሮች ደመና ውሃ ነውን? በዚህ ጥያቄ ከደከሙት ሊቃውንት አንዱን፣ ጄራርድ ካይፐርን፣ ለጓደኞቻችን ለማስተዋወቅ ወደናል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ካይፐር በ1905 በሰሜን ሆላንድ በአንዲት የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። የልጁ ዐይን እጅግ የጠራ ስለ ነበረ፣ ሌላው ሰው ያለ መነጽር የማያየውን ደብዛዛ ኮከብ ለይቶ ያይ ነበር ይባላል። ለእንደዚህ ያለ ቤት ልጅ የሚታሰበው ዕድል የአንደኛ ደረጃ መምህርነት ነበረና እርሱም ለዚያው ተማረ። ነገር ግን በዚያ መንገድ የመጣ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚጠየቀውን ብርቱ ፈተና አልፎ በ1924 ላይደን ገባ፤ በ1933 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀብሎ ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

የሩቅ ዓለም አየር በጠርሙስ አይቀዳም፤ የሚመረመረው በብርሃን ነው። እያንዳንዱ ተን በውስጡ ከሚያልፈው ብርሃን የራሱን ድርሻ ይውጣል። ብርሃኑ እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጋ የተዋጠው ስፍራ ጨለማ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ከመስመሩም ቦታና ጥልቀት የተኑ ዓይነትና መጠን ይታወቃል። ካይፐር በዚህ ዘዴ በ1944 ሳተርንን በምትዞረው በታይታን ላይ ሜቴን የተባለውን ጋዝ፣ በ1947 ደግሞ በማርስ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አገኘ።

ይሁን እንጂ ከዚያ የሚመጣው ብርሃን ወደ እኛ ሲደርስ በምድር አየርም ውስጥ ያልፋል። ታዲያ የታየው ምልክት የማርስ ነው ወይስ የራሳችን? ካይፐር ማርስን ከጨረቃ ጋር አስተያየ። ጨረቃ ይህ ነው የሚባል አየር የላትም፤ ስለዚህ በጨረቃ ብርሃን ላይ የሚታየው ምልክት የምድር ነው፤ በማርስ ላይ ተርፎ የሚገኘው ግን የማርስ ነው።

የቬነስ ነገር ከዚህ የባሰ ሆነ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየርዋ መኖሩ ከ1932 ጀምሮ ታውቋል፤ የሚፈለገው የውሃ ተን ግን በእኛው አየር ሞልቷል። መድኃኒቱ ከተኑ በላይ መውጣት ነበረ። ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደ ሆነው ወደ ሳነቴ አምባ የወጣ ሰው፣ ደመናው ከእግሩ በታች ተነጥፎ ሲያይ ይህ ሐሳብ ወዲያው ይገባዋል። ካይፐርም በ1964 በሃዋይ የሚገኘውን የማውና ኬያን ከፍተኛ ተራራ ለምርመራ መረጠ። ተራራው አልበቃ ቢለው በ1967 መሣሪያውን በጄት አውሮፕላን ጭኖ 12,000 ሜትር ግድም ከፍ አደረገ። ከዚያ ሆኖ ቢለካ በቬነስ ደመና ላይ ያለው የውሃ ተን እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ደመናዋ እንደ እኛ ደመና የውሃ ነው የሚለው ሐሳብ ተናጋ።

ካይፐር ከዚህ በኋላ ደመናው ከብረትና ከክሎሪን ውሁድ የተሠራ ነው ብሎ ገመተ። ግምቱ አልጸናም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሌሎች ተመራማሪዎች ደመናው የጠነከረ የሰልፈር አሲድ ጠብታ መሆኑን አስረዱ፤ ይህ አሲድ ውሃን አጥብቆ ስለሚይዝ የካይፐርን ልኬት በደንብ ይተረጉመዋል። እርሱ ራሱ በ1973 መጨረሻ በሜክሲኮ ሳለ ዐረፈ።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሆነን ስለዚህ ሰው መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። በክርክር አዳራሽ አስተያየት ይበዛል፤ ልኬት ግን ያንሳል። የካይፐር አስተያየት ወደቀ፤ የራሱን አየር ከሌላው አየር ለይቶ የለካው ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። በአገር ጉዳይም ቢሆን ስለ ሌላው ከመፍረድ በፊት በመካከል ያለውን የራስን ጉም መለየት ይገባል። ከጉሙ በላይ ለመውጣት ደግሞ የልብስ ሰፊም ሆነ የገበሬ ልጅ መሆን አያግድም።