ጄምስ ብሩስና የናስ መሣሪያዎቹ

ከወረታ ተነሥታችሁ የፎገራን ሜዳ እያቋረጣችሁ ወደ ደቡብ ብትጓዙ፣ በስተቀኛችሁ የጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ በስተግራችሁ ደግሞ ወደ ጉና ተራራ የሚያሻቅበው ደጋ ይሆናል። የጉማራን ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ የደራን ምድር ትረግጣላችሁ፤ የወረዳው ከተማ አንበሳሜም የምትገኘው በዚያ ነው። ከእርሷ በስተደቡብ ዓባይ ከገደል ወደ ገደል እየተወረወረ ጢስ ዓባይ የተባለውን ፏፏቴ ይሠራል። ይህ መንገድ ከጥንት ጀምሮ የነጋዴና የሠራዊት መተላለፊያ ነበረ። በ1770 ዓ.ም. ግን ከተላላፊዎቹ መካከል ንግድም ጦርነትም ያላመጣው አንድ ረጅም ቁመት ያለው እንግዳ ነበረበት። ይህ ሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። በዚህ ምንባብ ውስጥ የምታገኟቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድማችሁ ልብ በሉ።

ብሩስ የተወለደው በ1730 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር፣ ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ነው። በወጣትነቱ ሕግ እንዲማር ቢደረግም ትምህርቱን አልወደደውም። በ1754 ዓ.ም. ትዳር ቢመሠርትም ሚስቱ ዓመት ሳይሞላት በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ከዚህ ኀዘን በኋላ ልቡን ወደ ቋንቋና ወደ ሩቅ አገር መለሰ፤ ዐረብኛ ተማረ፤ የግእዝንም ቋንቋ ማጥናት ጀመረ። ከ1763 እስከ 1765 ዓ.ም. በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ሲሠራ፣ የዓባይን ምንጭ በዐይኑ ለማየትና የሚገኝበትን ስፍራ ከከዋክብት ለክቶ በካርታ ላይ ለማስፈር ቆርጦ ተነሣ።

ስፍራን ከከዋክብት ለመለካት ግን ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ መሣሪያ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የሥነ ፈለክ መሣሪያ የሚወጣው ከእጅ ሠሪዎች አነስተኛ መሥሪያ ቤት ነበረ። ሠሪው የናሱን ዝርግ በዘንግ ላይ ጠቅልሎ በመዶሻ እየመታ ቱቦ ያደርገዋል፤ መጋጠሚያውን በብየዳ ይዘጋዋል፤ ከዚያም ሞርዶ ይወለውለዋል። ናስ የተመረጠው ስለማይዝግና ለመሞረድም ለመቅረጽም ስለሚመች ነው። መስተዋት ባለው ቴሌስኮፕ ውስጥ የሚገባውም መስተዋት በዚያን ጊዜ ከብርጭቆ አይሠራም ነበር፤ ሁለት እጅ ያህል መዳብና አንድ እጅ ያህል ቆርቆሮ በአንድነት ቀልጠው የሚሰጡት ነጣ ያለ ማዕድን ነበረ። ይህ ማዕድን ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። ሠሪው ለብዙ ቀናት በአሸዋ ይፍቀዋል፤ በመጨረሻም በዝፍት ላይ እያሸ ያበራዋል። ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጅ ያነሰ ስሕተት እንኳ የኮከቡን ምስል ስለሚያደበዝዘው፣ ሥራው ትዕግሥትን የሚፈትን ነበረ። በዚህ ሙያ ከታወቁት አንዱ የብሩስ አገር ሰው ጄምስ ሾርት ነው፤ በ1768 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ከ1,300 በላይ ቴሌስኮፖችን እንደ ሠራ ይነገርለታል። እናንተም በአገራችን የናስ መስቀልና ጸናጽል የሚሠሩትን ባለ እጆች ድካም ካያችሁ፣ የእነዚያን ሰዎች ድካም ለመገመት አይቸግራችሁም።

ብሩስ መጀመሪያ ይዟቸው የተነሣው መሣሪያዎች ግን ዓባይን ለማየት አልታደሉም። በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ፣ ከቤንጋዚ ባሻገር፣ የተሳፈረበት መርከብ ተሰበረ። እርሱ ዋኝቶ ወደ የብስ ቢወጣም ዘራፊዎች ደብድበው ገፈፉት፤ መሣሪያዎቹም ጠፉ። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ላይ ወደ አገሩ በተመለሰ ነበር። ብሩስ ግን ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ እየጻፈ ወዳጆቹን ተማጠነ። ቡፎን የተባለው ታዋቂ የተፈጥሮ ሊቅ ስለ እርሱ አማለደለትና፣ የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ኳድራንት የተባለውን ትልቅ መለኪያ እንዲሰጠው አዘዘ። ኳድራንት የክብ ሩብ ቅርጽ ያለው የናስ መሣሪያ ነው፤ ጠርዙ በዲግሪና በደቂቃ በእጅ የተከፋፈለ ሲሆን፣ የኮከብን ከፍታ ይለካል። የብሩስ ኳድራንት ከማዕዘኑ እስከ ጠርዙ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ነበረ። ቴሌስኮፖችና ሰዓትም ተጨመሩለት።

በ1769 ዓ.ም. መስከረም ወር ብሩስ ከጣሊያናዊው ሠዓሊ ከሉዊጂ ባሉጋኒ ጋር ምጽዋ ደረሰ። ከዚያ ወደ ደጋው ለመውጣት የታራንታን ተራራ መውጣት ግድ ሆነ። ስምንት ሸክመኞች በአራት በአራት እየተፈራረቁ ኳድራንቱን ይሸከሙ ነበረ፤ ዳገቱ ሲጠናባቸው ግን እንተወው አሉ። በዚህ ጊዜ ብሩስና ያሲን የተባለ የጉዞ ባልደረባው መሣሪያውን ራሳቸው ተሸከሙት። ልብሳቸው በእሾህ ተቀደደ፤ እጅና ጉልበታቸው በድንጋይ ተላጠ፤ ናሱን ግን ምንም ሳይነካው ከተራራው ራስ ላይ አደረሱት። ሁለቱ ሲጀምሩ ያዩ ሌሎችም አፍረው ሸክማቸውን አነሡ።

በ1770 ዓ.ም. የካቲት ወር ብሩስ ጎንደር ገባ። ከተማይቱ በፈንጣጣ በሽታ ተጨንቃ አገኛት። እርሱም የሕክምና እውቀት ስለ ነበረው፣ በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ግቢ የታመሙትን የመሳፍንት ልጆች አስታመመ፤ በዚህም የእቴጌይቱንና የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አተረፈ። ወጣቱ ንጉሥ ዐፄ ተክለ ሃይማኖትና አገሩን በእጃቸው የያዙት ራስ ሚካኤል ስሑልም በቤተ መንግሥቱ ማዕረግ ሰጡት። ብሩስ ቀን ባለሟል ሲሆን ሌሊት ከዋክብት ተመልካች ነበረ።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሣባችሁ ይሆናል፤ ሰው በጎንደር ተቀምጦ ጎንደር ከዓለም በየትኛው ነጥብ ላይ እንዳለች በቴሌስኮፕ እንዴት ያውቃል? ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለውን ርቀት ማወቅ ቀላሉ ነው፤ የፀሐይን ወይም የታወቀን ኮከብ ከፍታ በኳድራንት መለካት ይበቃል። አስቸጋሪው የምሥራቅና የምዕራቡ ልክ ነው። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ የሁለት ቦታዎች የሰዓት ልዩነት ከታወቀ በመካከላቸው ያለው ዲግሪ ይታወቃል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ቴሌግራፍም ሬዲዮም አልነበረም። ስለዚህ ሊቃውንት ሰማዩን ራሱን እንደ ሰዓት ተጠቀሙበት። ጋሊሊዮ በ1610 ዓ.ም. ያገኛቸው የጁፒተር ጨረቃዎች በፕላኔቱ ጥላ ውስጥ ሲሰወሩ ከየትኛውም አገር በአንድ ቅጽበት ይታያሉ። መሰወሪያቸው በግሪንዊች ሰዓት ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ በሠንጠረዥ ተጽፏል። ብሩስ ጨረቃዪቱ ስትሰወር በቴሌስኮፑ አይቶ የጎንደርን ሰዓት ይመዘግባል፤ ልዩነቱንም ወደ ዲግሪ ይለውጣል። እንዲህ አድርጎ ጎንደርን በ12 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ተኩል ሰሜን፣ በ37 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ አኖራት፤ ይህም ከግሪንዊች የ2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ልዩነት ማለት ነው። ዛሬ ጎንደር የምትመዘገበው በ12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን፣ በ37 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ምሥራቅ ነው። የብሩስ ስሕተት ወደ ደቡብ 3 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ምሥራቅም 9 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበረ።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ብሩስ በእንፍራዝ በኩል አድርጎ ወደ ደራ ተጓዘ። በዚያ የነበሩት የሙስሊም ነጋዴዎች አለቃ በመልካም ተቀብለው አስተናገዱት፤ ወደ ፏፏቴውም እንዲደርስ ረዱት። ብሩስ በጢስ ዓባይ ፊት ቆሞ ተደነቀ፤ የገደሉንም ቁመት በረጃጅም እንጨቶች ሊለካ ሞከረ። ያገኘው ልክ 40 ጫማ፣ ማለት 12 ሜትር ያህል ነበረ። ፏፏቴው ግን ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ቁመት አለው። እስቲ አስተውሉ፤ በሚሊዮን ኪሎ ሜትሮች የሚርቁትን የጁፒተር ጨረቃዎች ተመልክቶ የከተማን ስፍራ በጥቂት ኪሎ ሜትር ልዩነት ያወቀ ሰው፣ በእግሩ ሥር ያለውን ገደል በሦስት እጥፍ ሳተው። በሰማይ የረዳው መሣሪያው ነበረ፤ በገደሉ ፊት ግን በእንጨትና በዐይኑ ግምት ተማመነ።

ኅዳር ሲገባ፣ በ4ኛው ቀን፣ ብሩስ ግሽ ላይ ከዓባይ ምንጭ ደረሰ። ደስታው ግን ከትዕቢት ጋር ተቀላቀለ። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ዓ.ም. ያንኑ ምንጭ አይቶ ጽፎ ሳለ፣ ብሩስ ከእርሱ በፊት የደረሰ አውሮፓዊ እንደሌለ አድርጎ ተከራከረ። ከዚህ የከፋም አደረገ። ባሉጋኒ እስከ ግሽ አብሮት ሄዶ የጉዞ ማስታወሻ ጽፏል፤ ሥዕልም ሥሏል፤ በ1771 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎንደር ውስጥ ታሞ ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ባልንጀራው ከግሽ ጉዞ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ተረከ። የሟቹ ማስታወሻ ተጠብቆ በመቆየቱ እውነቱ ከጊዜ በኋላ ተገለጠ።

በ1771 ዓ.ም. የፎገራ አካባቢ የጦር ሜዳ ሆነ፤ በሰርባኩሳ በተደረገው ውጊያ የራስ ሚካኤል ኃይል ተሰበረ። ብሩስ በዓመቱ መጨረሻ ጎንደርን ተሰናብቶ በሱዳን በኩል ወጣ። ከያዛቸው የብራና መጻሕፍት መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግእዝ ብቻ ነው፤ በውስጡም ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ አካሄድ የሚናገሩ ምዕራፎች አሉት። ሰማይን ለመለካት ናስ ይዞ የመጣው እንግዳ፣ የሰማይን ሥርዓት የሚናገር ብራና ይዞ ተመለሰ ማለት ነው። በኋላም ከቅጂዎቹ አንዱ በ1821 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ለታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም መሠረት ሆነ።

ከሁሉ የከፋው መከራ ያገኘው ግን በኑብያ በረሃ ነው። በ1772 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ አስዋን ለመድረስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ግመሎቹ አለቁ። ውሃውም ስንቁም ተሟጠጠ፤ እግሩ አብጦና ቆስሎ መራመድ አቃተው። ሕይወትን ለማትረፍ ሸክሙን ሁሉ መጣል ግድ ሆነ። በታራንታ በትከሻው ያሻገረው ኳድራንት፣ ቴሌስኮፖቹ፣ ሰዓቱ፣ የዓመታት ድካም የተጻፈባቸው ወረቀቶች በአሸዋ ላይ ቀሩ። ብሩስ ያለ እነዚህ ማስረጃዎች ወደ አገሩ ቢገባ ቃሉን የሚያምነው እንደማይኖር ያውቅ ነበር። ስለዚህ አስዋን እንደ ደረሰ፣ ቁስሉ ሳይሽር፣ ግመሎች ለምኖ ወደዚያው በረሃ ተመለሰ። የጣለውንም ሁሉ ማንም ሳይነካው አገኘው።

የፈራው ደረሰበት። በ1774 ዓ.ም. ለንደን ሲገባ ስለ ጎንደር የተናገረውን ብዙዎች እንደ ተረት ቆጠሩት፤ ሳሙኤል ጆንሰንን የመሰሉ ስመ ጥር ሰዎችም ተጠራጠሩት። ብሩስ አኩርፎ ወደ ኪኔርድ ገባና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። የጉዞውን ታሪክ በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ዓ.ም. ነው። ከአራት ዓመት በኋላ እንግዳ ለመሸኘት ደረጃ ሲወርድ አዳልጦት ወደቀና በ63 ዓመቱ ሞተ። ስንት ገደልና በረሃ ያላሸነፈው ሰው በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ቀረ። ከሞተም በኋላ ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች የጻፈው አብዛኛው እውነት መሆኑን መሰከሩለት፤ የሳተውንና የሸሸገውንም አልተዉለትም።

እንግዲህ የብሩስን ሕይወት በሁለት ወገን መዝኑት። ስለ ራሱ ክብር ሲናገር እውነትን ያጣመመባቸው ስፍራዎች አሉ፤ ስለዚህም የባልንጀራው ማስታወሻ ይወቅሰዋል። ሰማይን ለክቶ በቍጥር ያሰፈረው ግን ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላም ሲመረመር ይጸናል። የታሪክ ጸሐፊ ለመሆን፣ ወይም መሐንዲስ፣ ወይም ሌላ ባለ ሙያ ለመሆን የምታስቡ ሁሉ ይህን ልዩነት አትርሱ። ምስጋናን ፈልጎ የተጻፈ ቃል ምስክር ሲመጣ ይፈርሳል፤ በትዕግሥት ተለክቶ በታማኝነት የተመዘገበ ነገር ግን ባለቤቱ ከሞተ በኋላም ይሟገትለታል።